ዘጠኝ ቅንፍና ሠላሳ አንድ ጠቦት

እፀገነት ገብረየሱስ ኮምፒውተር የተማረችው በግ ላለማየት ነው። ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿም፣ ለቤት አከራይዋም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጡ የማታውቃቸው ቄስ ሳይቀር ተናግራዋለች። ራቤል አቅራቢያ ባለው ያባቷ ቤት በግ ከሰው የበለጠ ክብር ነበረው። ክረምት ሲገባ የታመመ ጠቦት ምድጃ ዳር ይተኛል፤ እሷና እህቶቿ ወደ በሩ ይገፋሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍል ምረጪ ስትባል ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ከበግ እጅግ የራቀ የመሰላትን መረጠች።

አራት ዓመት ተማረች። ጥቁር ጋዋን ለብሳ ፎቶ ተነሣች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ በመጨረሻ አንድ ቦታ ተሳካላት፤ መሐል ሜዳ ከተማ ባለ የበግ አርቢዎች ማኅበር ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን አራት ሺህ ስድስት መቶ በግ በስም ዝርዝር ተረከበች።

«አባቴ እንኳ መቶ አልነበረውም» እያለች በራሷ ትስቃለች።

የማኅበሩ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። አርቢዎቹ ከጠቦቶቻቸው መካከል ጥሩ ጥሩውን ለአውራነት ያስቀራሉ፤ የቀረው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። ደካማው ካልወለደ መንጋው እየተሻሻለ ይሄዳል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ጠቦት ጆሮው ላይ ቁጥር ይንጠለጠልለታል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ እናቱ መንታ ወልዳ ታውቅ እንደሆነ፣ ልጆቿ ያድጉላት እንደሆነ፣ የጠቦቱ ላት ምን እንደሚመስል ይጻፋል። ያን ሁሉ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው እፀገነት ናት።

ምርጫውን ግን የሚያካሂዱት የማኅበሩ የእንስሳት ባለሙያ ጋሼ ቴዎፍሎስ ነበሩ። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልሰው እየፈለጉት፣ ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እፀገነት በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔ በአንድ ደቂቃ አወጣዋለሁ» አለች።

ከኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የሚፈለገውን ነገር የሚጠይቁበት ትእዛዝ ኩዌሪ ይባላል። ኩዌሪ ውስጥ «ይህ ከሆነ እንዲህ በል፤ ካልሆነ እንዲያ በል» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። እፀገነት ግን ጀማሪ መባል አልፈለገችም። «ካልሆነ» በሚለው ሆድ ውስጥ ሌላ «ከሆነ» ከተተች። በዚያኛው «ካልሆነ» ሆድ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ። ክብደቱ ከአሥራ ስድስት ኪሎ ከበለጠ፤ ካልሆነ ግን ክብደቱ ከአሥራ አራት በልጦ እናቱ መንታ የወለደች ከሆነች፤ ካልሆነ ግን… እንዲህ እያለች ዘጠኝ ድረስ ወረደች። እያንዳንዱ በቅንፍ ይከፈታል፣ በቅንፍ ይዘጋል። የመጨረሻዎቹን መዝጊያዎች በጣቷ እየቆጠረች ስትዘጋ አንዲቷ ጎድላ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስትፈልጋት ዋለች። ስታገኛት ብቻዋን አጨበጨበች።

ታች፣ ከሁሉ በታች፣ የመጨረሻው «ካልሆነ» ቀረ። «ይህን ሁሉ በር አልፎ እዚህ የሚወርድ ምን ዓይነት በግ ነው? ምንም የማይረባው ብቻ ነው» ብላ አሰበች። «ይኮላሽ» ብላ ጻፈችና ሻይ ልትጠጣ ወጣች።

በማግስቱ ኩዌሪውን አትማ ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወሰኔ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩት።

«ይኼ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው?»

«አንድ ነው።»

«ነጥብ የለውም?»

«መጨረሻው ላይ አለ።»

«ጎበዝ ነሽ» አሏት፣ ሰው ያልገባውን ነገር በሚያደንቅበት ድምፅ። እንዳልገባቸው አውቃለች። ቢሆንም ደስ አላት። እንዲያውም ስላልገባቸው ይበልጥ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ዝርዝሩ በእርግጥም በአንድ ደቂቃ ወጣ። አናቱ ላይ «በኮምፒውተር የተመረጠ» የሚል በደማቅ ፊደል ጨመረችበት። ማኅተም ተመታበትና ወደየመንደሩ ተላከ።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንዲት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት የበግ ፀጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ በገመድ የታሰረ በግ እየሳቡ ቢሮው ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው የጥቅምት ብርድ አብሮ ገባ። በጉ ዳለቻ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ የወጣ፣ ላቱ የከበደ። ቢሮው መካከል ቆመና ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«እዚህ ቤት ፈራጁ ማነው?» አሉ ሴትዮዋ።

አቶ ወሰኔ በጣታቸው ወደ እፀገነት አመለከቱ።

«አንቺ ነሽ? እኔ አማከለች እባላለሁ። ይህን በግ ይኮላሽ ብለሽ ጽፈሻል። እስቲ ምኑን አይተሽ ነው?»

እፀገነት በጉን አየች። የበግ አርቢ ልጅ ናት፤ ምንም ያህል ብትሸሽ ዓይኗ አልሸሸም። እንዲህ ያለውን አባቷ ቢያገኝ ለሌላ ሰው ማሳየቱንም ይፈራ ነበር። ያን ጊዜ ነው፣ እስከ ዛሬ ትዝ ሲላት ጆሮዋን የሚያግለውን ዓረፍተ ነገር የተናገረችው።

«እናቴ፣ እኔ እኮ አይደለሁም። ሲስተሙ ነው።»

«እሱ የት አለ? ጥሩልኝና ላናግረው።»

ጋሼ ቴዎፍሎስ በዚህ መሐል ከውጭ ገቡ። ማንንም ሳይጠይቁ ተንበርክከው የበጉን ጀርባ ዳሰሱ፣ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ፣ ላቱን መዘኑት፣ ከኋላም አጎንብሰው ማየት የሚገባቸውን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጠቦት አላየሁም» አሉ። ወደ እፀገነት ዞሩ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠችና የጆሮ ቁጥሩን ጻፈች። 2217። እናት፣ መንታ የወለደች። ላት፣ በጣም ጥሩ። ክብደት፣ ባዶ።

ባዶውን ስታይ ሁሉም ነገር ትዝ አላት። ነሐሴ ላይ የመዛኙ ደብተር በመንገድ በረዶ ወርዶበት ርሶ ነበር የመጣው። አንድ መንደር የተጻፈበት ገጽ ላይ የክብደቱ ቁጥር ሁሉ ፈስሶ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል። ጋሼ ቴዎፍሎስ ገጹን ወደ መስኮት አስጠግተው፣ «ይኼ አሥራ ዘጠኝ ይመስላል» ቢሏት፣ «ጋሼ፣ መረጃ ‹ይመስላል› አይባልም። ወይ ነው ወይ አይደለም» ብላ ንግግር አድርጋላቸዋለች። እጇን እያወናጨፈች ነው ያደረገችው። ከዚያ በንጹሕ ሕሊና ባዶውን ተወችው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አድርጋ አታውቅም። ክፋቱ፣ ኩዌሪውን ስትጽፍ ባዶ መተዋን ረስታዋለች።

ለኮምፒውተር ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም፤ ትንሽ ማለትም አይደለም። «ይህ ጠቦት ከአሥራ ስድስት ኪሎ ይበልጣል?» ሲባል መልሱ «አላውቅም» ነው። «አላውቅም» ደግሞ «አዎ» ስላልሆነ ወደ «ካልሆነ» ይወርዳል። እዚያም ክብደት ይጠየቃል። «አላውቅም።» ይወርዳል። እፀገነት ዘጠኙም በር ላይ ክብደት አስቀምጣለች፤ ስለዚህ የወይዘሮ አማከለች በግ ዘጠኙንም በር «አላውቅም፣ አላውቅም» እየተባለለት ቁልቁል ወረደና እታች ስትጠብቀው የነበረችው ቃል ላይ አረፈ።

«ስንት ናቸው ባዶዎቹ?» አሉ ጋሼ ቴዎፍሎስ።

ጠየቀች። ሠላሳ አንድ። ሁሉም የዚያው የራሰው ገጽ ጠቦቶች፣ ሁሉም የወይዘሮ አማከለች መንደር።

«እኛ ዘንድ የሚያኮላሸው ልጅ ዛሬ በጠዋት መጥቷል» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «እኔ ጉጠቱን ከቦርሳው ሲያወጣ አይቼ ነው ይዤው የሸሸሁት።»

አቶ ወሰኔ ወደ መንደሩ ስልክ ሞከሩ። ኔትወርክ የለም። ደግመው ሞከሩ። ጋሼ ቴዎፍሎስ የማኅበሩን ሞተር ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሡ፤ እፀገነት ተከተለቻቸው። ላፕቶፑን ለምን በጀርባዋ እንደያዘች እስከ ዛሬ ራሷም አታውቅም። ስትወጣ ዞር ብላ ያየችው አቶ ወሰኔን ነው፤ ወይዘሮ አማከለች የበጉን ገመድ አስይዘዋቸው ራሳቸው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

መንገዱ ድንጋይ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነፋሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ተጓዙ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው መስክ ሲታይ ሰው ተሰብስቧል፤ መካከል ላይ አንድ ጠቦት በጀርባው ተይዟል። እፀገነት ከሞተሩ ላይ ሆና፣ «አቁሙ!» ብላ ጮኸች። ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ ወሰደው። ሞተሩ ገና ሳይቆም ዘልላ ወረደችና በጉልበቷ ተደፋች። ሰዎቹ ያቆሙት ማን እንደወደቀ ለማየት ነው።

ሰባቱ ተኮላሽተዋል።

የመንደሩ አርቢዎች ሰብሳቢ አባ መልከ ጼዴቅ፣ የደብሩ ቄስ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሰዎቹ አንሥተዋት እስክትረጋጋ ጠበቁ። እሷም በመንገድ ሳለች ያዘጋጀችውን ማብራሪያ ጀመረች። ስለ ባዶ ቦታ፣ ስለ ቅድመ ሁኔታ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለ መክተት ተናገረች። ላፕቶፑንም ከቦርሳው ማውጣት ጀምራ ነበር። የሰውን ፊት አየችና መልሳ ከተተችው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «የእነዚህ ጠቦቶች ክብደት ደብተሩ ርሶ ጠፍቶ ነበር። ክብደቱ የጠፋውን ሁሉ ይኮላሽ አልኩ።»

አባ መልከ ጼዴቅ ጥቂት አሰቡ።

«ልጄ፣ ክብደቱ የጠፋውን ‹ክብደቱ ጠፍቷል› ብሎ መጻፍ ያስቸግር ነበር?»

ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ወረቀት በዓይኗ መጣባት። ዘጠኝ ቅንፍ።

«አያስቸግርም፣ አባ።»

«ታዲያ?»

«ረሳሁት።»

«እንዲህ በዪን እንጂ» አሉ አባ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የተማሪ ስሕተት ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከሰባቱ ሁለቱን ያጣው ወዳጆ የሚባል ገበሬ ነው። «እኔማ ጥሩ በግ መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ግን ወረቀቱ ማኅተም ነበረበት። ደግሞ በኮምፒውተር የተመረጠ ይላል። እኔ ከኮምፒውተር እበልጣለሁ ልበል?» እግሩን ከፍቶ ወደቆመው በጉ ዞር አለና፣ «ይሁን እንግዲህ፤ ቶሎ ይወፍራል» ሲል አንዳንዱ ሳቀ።

ሚስቱ ዘነበች አልሳቀችም። «የዚህ እናት ሐምሌ ላይ ሞታብኛለች» አለች፣ በጉን እያየች። «ዘሯ በሱ ይቀርልኛል ብዬ ነበር።»

እፀገነት ደግ የነበረች በግ ስትሞት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ እናቷ ሁለት ቀን ማንንም ሳታናግር እንደምትውል ታውቃለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች፤ ዘነበችም ራሷን ነቀነቀች፣ ይቅር ማለቷ ይሁን አለማለቷ ሳይለይ።

መስኩ ላይ ገና ያልተነኩ ሃያ ሦስት ጠቦቶች ነበሩ። አሁን መልሶ መመዘን አይቻልም፤ ስድስት ወራቸው አልፏል፣ ክብደታቸውም የሚነጻጸረው በዚያው ዕድሜ ከተመዘኑት ጋር ነው። ስለዚህ ጋሼ ቴዎፍሎስና ሦስት አዛውንት በዓይንና በእጅ ሊመርጡ ተስማሙ። እፀገነት ጻፊ ተባለች። ነገር ግን የመጀመሪያው ጠቦት ከያዡ አምልጦ በአጠገቧ ሲሮጥ፣ ሳታስበው ጎንበስ አለችና የኋላ እግሩን ለቀም አድርጋ ይዛ ጎኑ ላይ አስተኛችው።

ሰዎቹ ተያዩ።

«ይህን የት ተማርሽው?» አለ ወዳጆ።

«ዩኒቨርሲቲ» አለች።

በዚህስ ዘነበችም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዕሩን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሃያ ሁለቱን ጠቦት ያስያዙት እሷን ነው። አሥራ አንዱ ለአውራነት ተመረጡ፤ አሥራ ሁለቱ ለሙክት ቀሩ። ቀሚሷ ጭቃና ፀጉር ሆነ፤ ዓመታት የሸሸችው ሽታ ከነሙቀቱ ተቀበላት።

መሐል ሜዳ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነቀለችና እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ጻፈች፤ ክብደቱ አለ? ከሌለ፣ «ሰው ይየው»። የቀሩትን ጥያቄዎች አንዱን ካንዱ ሆድ እያወጣች፣ አንዱን ካንዱ ሥር፣ እያንዳንዱን በራሱ መስመር ደረደረቻቸው። ሲደረደሩ ያላየችው ነገር ታየ። ከዘጠኙ አራቱ አንድ ዓይነት ነገር በሌላ ቃል የሚጠይቁ ነበሩ። አንደኛው ደግሞ ክብደታቸው ከአሥራ አራት ኪሎ በታች የሆኑ ብቻ በሚገቡበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ «ከአሥራ ስድስት ኪሎ ይበልጣል?» ይላል። ዓለም እስክታልፍ ድረስ ማንም በግ የማይደርስበት ጥያቄ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የፈለገቻት ቅንፍ የዚያ ጥያቄ መዝጊያ ነበረች።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እስክትደክም ሳቀች። አቶ ወሰኔ፣ «ምን ሆንሽ?» ቢሏት ልታስረዳቸው ሞከረች፤ እሳቸው አሁንም፣ «ጎበዝ ነሽ» አሏት።

አዲሱን ትእዛዝ ግን ማኅተም ከመመታቱ በፊት ሰው እንዲሰማው ፈለገች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባ መልከ ጼዴቅ ወደ ከተማ ሲወጡ ቢሮ አስገብታ በአማርኛ እየተረጎመች፣ መስመር በመስመር አነበበችላቸው። እሳቸውም ዳዊት የሚደግም ተማሪ እንደሚያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አነሡ።

«መንታ የወለደች ከሆነች ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አባ።»

«አንዱ ቢሞትባትስ? ወለደች እንጂ መቼ አሳደገች?»

እፀገነት እርሳሷን አነሣች፤ «መንታ ወልዳ ሁለቱንም ያሳደገች» ብላ አስተካከለች። አባም ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑና፣ «ቀጥዪ» አሉ።

ወሬው ግን ከእርማቱ ቀድሞ ተዳርሷል። በዚያ ሰሞን ገበያ ውስጥ ስታልፍ፣ «ወይዘሪት ይኮላሽ መጣች!» የሚል ድምፅ ከበግ ተራው ይነሣል፤ አንዳንዱ ባለትዳር ጉልበቱን ገጥሞ እየተሳቀቀ ጓደኞቹን ያስቃል። መጀመሪያ ላይ መንገድ ትቀይር ነበር። በኋላ መቀየሪያ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ተወችው። አሁን ራሷ፣ «ቁጥርህ ስንት ነው? መዝገብ ውስጥ ልፈልግህ» ትላቸዋለች፤ ይሸሻሉ።

ዳለቻው በግ ለአውራነት ተመርጦ ቀረ። በማኅበሩ ደንብ የተመረጠ አውራ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በየተራ ለጎረቤት መንጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ተራ ለማን ይሁን ተብሎ መንደሩ ሲሰበሰብ እፀገነት እጇን አውጥታ የዘነበችን ስም ጠራች፤ ማንም አልተቃወመም። ከወይዘሮ አማከለች በቀር።

በጉ በሄደ በሳምንቱ ቢሮ መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ባዶ እጃቸውን።

«መጀመሪያ ልታኮላሺው ነበር፤ አሁን ደግሞ ልትቀሚኝ ነው?»

«ሁለት ወር ብቻ ነው፣ እናቴ። ይመለስልዎታል።»

«መመለሱን አውቃለሁ።» እፀገነት ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ባናቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው በጥርጣሬ አዩት። «እዚህ ውስጥ እሱም አለ?»

«አለ። ይኸው፣ 2217። እናቱ፣ ላቱ፣ ቀንዱ።»

«ጠባዩስ?»

«ጠባይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

«እንዴት የለውም? ዘነበች እኮ አታውቀውም። ጠዋት ውኃ ከሰጡት ይታመማል፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። ካንገቱ ከታሰረ ያብዳል። ይኼ ካልተጻፈ ምኑን ተጻፈ?»

እፀገነት «መረጃ ማለት» ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። መዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመረችና «ጠባይ» ብላ ሰየመችው። ወይዘሮ አማከለች እየተናገሩ እሷ ጻፈች። ሲጨርሱ ተነሥተው በሩ ድረስ ሄዱ፤ እዚያ ደርሰው ቆሙ።

የጠባዩ ዓምድ ወሬ ኋላ መንደር ደረሰ መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ቢሮው በር ላይ ስምንት ሴቶች ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ እያንዳንዷ የምታስጽፈው አላት። የበጉ ጠባይ በተጻፈበት ዕለት ግን ወይዘሮ አማከለች በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንድ ነገር ጨምሪ። ቀንዱን አይተው እንዳይሸወዱ፤ ውሻ ይፈራል።»

እፀገነት ጻፈችው።